የባቡሩን ታሪክ ለምትጽፉ፣ ሐዲዱንም ለምታስተዳድሩ፦ ከትንሽ ጣቢያ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡርን ሥራ የምትመሩ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የባቡሩን ታሪክ እንድትሰበስቡና እንድትጠብቁ አደራ የተሰጣችሁ ባለሙያዎች፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በርበሬ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወደተወለድኩበት መንደር ሄጄ ነበር። ከሱቅ በርበሬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጥቅሉን ስፈታው ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ በመስመር የተከፋፈለ የመዝገብ ቅጠል ነው። ከላይ በፈረንሳይኛ የታተመ ጽሑፍ አለው። ከሥሩ በእጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ስንት ኩንታል ማሽላ፣ ስንት ጆንያ ቡና፣ ማን እንደላከው፣ ወዴት እንደተጫነ ሰፍሯል። የጣቢያችን መዝገብ ነበር።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ሮጥኩ። ባለሱቁ እንደነገረኝ፣ የድሮው የጣቢያ ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ ይፈለጋል ተብሎ ክፍሎቹ እንዲጸዱ ታዘዘ። ያጸዱት ሰዎች መዝገቦቹን ደጅ አወጧቸው። ዝናብ መታቸው። የተረፈውን ሰው እየወሰደ እሳት አቀጣጠለበት፣ ዕቃ ጠቀለለበት። እሱ ጋ የቀረው አሥራ አንድ ቅጠል ብቻ ነበር። ሁሉንም ገዛሁት። በማግስቱ ትእዛዙን ወደ ሰጠው ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። ያነጋገረኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። "መምህር፣ አሮጌ ወረቀት እኮ ነው፤ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ።

ምን እንደሚያደርግልኝ ልንገራችሁ።

ጣቢያዋ ከአዋሽ ወዲያ፣ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ካሉት ትናንሽ ጣቢያዎች አንዷ ናት። ስሟን ያልጻፍኩት የእሷ ዕጣ የብዙዎቹ ዕጣ ስለሆነ ነው። አባቴ እዚያ ሐዲድ ቀያሪ ነበር። እናቴ ለተሳፋሪ ሻይና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። የእናቴ ወንድሞች ማሽላ አራሾች ናቸው። እኔ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ያደግሁት በሐዲዱና በእርሻው መካከል ነው ብል ቃሉን አላጋነንኩትም፤ ቤታችን በአንድ ወገን ሐዲድ፣ በሌላው ወገን የማሽላ ማሳ ነበረው።

የባቡሩን ታሪክ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ ስለከበደ ሐዲዱ በቆላው ታጥፎ፣ በ1895 ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። እዚያ ገንዘቡ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው በኩል እጁን ሲያስገባ ምኒልክ አልተቀበሉም። ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 አዲስ ፈቃድ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊያን ተሰጠ። ሥራው ቀጠለና በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር። የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው።

ይህን ሁሉ ተማሪዎቼ በቃላቸው ያውቁታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። "መምህር፣ የእኛ ሰዎችስ ምን ያደርጉ ነበር?" ይሉኛል። አብዛኞቹ ቅድመ አያቶቻቸው በዚያ መስመር ዳር ያረሱ፣ ያረቡ፣ የጫኑ ናቸው። መጻሕፍቱ ውስጥ ግን ንጉሥ አለ፣ ኩባንያ አለ፣ መሐንዲስ አለ። ገበሬው የለም። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅቡቲ ይገባል፤ መሐሉ ባዶ ሜዳ ይመስላል።

መሐሉ ባዶ አልነበረም። ባቡሩ ከአቃቂ ሲወርድ የአዳን የጤፍ አገር ያቋርጣል። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ እያለ ወደ መተሐራና አዋሽ ይወርዳል። ከዚያ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ከዚያ ድሬዳዋ። አዳማ ዛሬ ትልቅ ከተማ ናት፤ ያደገችው በባቡሩ ነው። ድሬዳዋን ጭራሽ የወለዳት ባቡሩ ነው። የጨርጨር ቡና በአህያና በግመል ከደጋ ወርዶ ፉርጎ ላይ የሚወጣው ቆላ ባሉት ጣቢያዎች ነበር። የሐረርጌ ደጋ ቡናም ድሬዳዋ ወርዶ በዚሁ ሐዲድ ወደ ባሕር ሄዷል። የኤረር ፍራፍሬ በባቡር መስኮት ሲሸጥ የበላ ሰው ዛሬም ጣዕሙን ያወራል።

ስለ እኛዋ ጣቢያ ትንሽ ላብራራ፤ ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ስላልሆነ ነው። በእኔ ልጅነት የገበያ ቀናችን የሚወሰነው ባቡሩ በሚቆምበት ቀን ነበር። ሰውም ዕቃም አብሮ የሚጭነው ባቡር ሲመጣ መንደሩ ነፍስ ይዘራል። ከደጋ የወረደው ገበሬ ሌሊቱን ጣቢያው ግቢ ያድራል፤ ጆንያውን ተንተርሶ። የጣቢያው ኃላፊ በሚዛን ይመዝናል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ሦስት ጆንያ ላለውም፣ ሠላሳ ጆንያ ላለውም። ሽንኩርት ይዛ ሁለት ጣቢያ ርቃ ሸጣ የምትመለስ ሴት ብዙ ነበረች። አክስቴ አራት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ነው።

ውኃም በባቡር ይመጣ ነበር። ድርቅ በሆነ ጊዜ የውኃ ፉርጎ ሲቆም ለባቡር ሠራተኞች ይቀዳል፤ የተረፈውን መንደሩ ይካፈላል። መርዶም በባቡር ስልክ ነው የሚመጣው። የጣቢያው ኃላፊ ስልኩን ዘግቶ ቆቡን አውልቆ ከወጣ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ የማን ቤት እንደሚሄድ ያያል።

እንግዲህ ቅሬታዬን ልዘርዝር።

የመጀመሪያው የመዝገቦቹ ነገር ነው። በገዛኋቸው አሥራ አንድ ቅጠሎች ውስጥ የሰባ ሦስት ሰዎች ጭነት አለ። የኦሮሞ ስም አለ፣ የሶማሌ ስም አለ፣ የአማራ ስም አለ፣ የዐረብ ስም አለ፣ ግሪክ የሚመስልም አለ። አንዱ ቅጠል ላይ የአያቴን ስም አገኘሁት። ስድስት ጆንያ ማሽላ፣ ወደ ድሬዳዋ። አያቴ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ፎቶ የለውም። በዚህ ዓለም ላይ ስሙ በጽሑፍ የሰፈረበት እኔ የማውቀው ቦታ ያ ቅጠል ብቻ ነው። በርበሬ ሊጠቀለልበት ተራ እየጠበቀ ነበር።

ያ በአንድ ትንሽ ጣቢያ የሆነ ነው። በመስመሩ ላይ ከእኛዋ የሚተልቁ ብዙ ጣቢያዎች አሉ። የየጣቢያው መዝገብ ቢሰበሰብ በየትኛው ዓመት ምን እንደበቀለ፣ ድርቁ መቼ እንደገባ፣ እህሉ ከየት ወዴት እንደሄደ በእጅ የተጻፈ ማስረጃ ይሆነን ነበር። ስለ እርሻ ታሪካችን ይህን ያህል ዝርዝር የያዘ ሰነድ ሌላ የት እንደምናገኝ አላውቅም። የጠፋውን ማንም አይመልሰውም። የቀረውን ግን ዛሬ ማዳን ይቻላል፤ ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ የሚቀጥለውን ክረምት አያልፍም።

ሁለተኛው፣ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች እያለቁብን ነው። አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው። አብረውት ከሠሩት ውስጥ በሕይወት ያሉት በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። አንዱ ሽማግሌ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የተመታውን ድልድይ ለመጠገን ሌሊት በፋኖስ እንዴት እንደሠሩ ነግረውኛል። ድምፃቸውን በስልኬ ቀድቻለሁ። ንፋሱ ጮኸብኝ፣ ግማሹ አይሰማም። ሌላዋ እናት በባቡር ላይ ፍራፍሬ የሸጡ ናቸው፤ የየጣቢያውን ደወል ከድምፁ ይለዩት ነበር። እኚህን ሰዎች የሚጠይቅ ባለሙያ እስካሁን እኛ ጋ አልመጣም። ቢመጣም በአማርኛ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። የባቡሩ ትዝታ በኦሮምኛ ነው፣ በሶማሊኛ ነው፣ በአፋርኛ ነው፣ በድሬዳዋ ሽማግሌዎች ዘንድ ደግሞ ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥር 1977 መናገር አለብኝ። አዋሽ ድልድይ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ሕፃን ነበርኩ፤ አባቴ ለቀናት ቤት ሳይመጣ ሲቀር አስታውሳለሁ። ከሟቾቹ ውስጥ ገበያ የወጡ፣ ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ከመንደራችን ሁለት ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። የእነዚያን ሰዎች ስም ዝርዝር የት ሄደን እንደምናነብ ብዙ ጊዜ ጠይቀናል፤ የሚጠቁመን አላገኘንም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ አገልግሎቱ ነው፤ ይህኛው ከሁሉም የበለጠ የዕለት ኑሮአችንን የነካ ነው።

የድሮው ባቡር አንድ ቀን በድንገት አልሞተም። ፉርጎው አረጀ፣ ሐዲዱ ተበላ፣ ጉዞው እየተራራቀ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። ሲቆም የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እስከ መቼ እንደሆነ የነገረንም የለም። ገበሬዎቻችን ለወራት ጆንያ ይዘው ጣቢያ ይመጡ ነበር። ቀጥሎ ደላላ መጣ። የጭነት መኪና የሚገባው በደላላ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው። አንድ ጎረቤታችን ሽንኩርት አውጥቶ መኪና እስኪመጣ አምስት ቀን ጠበቀ። በአምስተኛው ቀን ደላላው ሽንኩርቱ መበላሸት መጀመሩን አይቶ ዋጋውን በግማሽ ጣለው። ጎረቤታችን ሸጠ፤ ምን ምርጫ ነበረው? አክስቴም ያንን ንግድ ተወች። ለሁለት ጆንያ መኪና አይቆምላትም።

አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ሲመረቅ ከልባችን ነው የተደሰትነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ፣ ነጋድ እስከሚባለው ጣቢያ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሐዲዱም ሰፊ ነው። የድሮው በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህች ወደብ ለሌላት አገር ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቼ በኩራት እናገራለሁ። ማዳበሪያ በባቡር መምጣቱ ለገበሬው ይጠቅማል፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም።

ግን አዲሱ ባቡር የተሠራው ኮንቴይነር ከወደብ ለማምጣትና ወደ ወደብ ለመውሰድ ነው። ሲያቅዱት የድሮው ባቡር በመሐል መንገድ ምን ይሠራ እንደነበር የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹም ከከተማው ራቅ ብለው ሜዳ ላይ የቆሙ ናቸው። ከእኛ መንደር እስከ ቅርቡ ጣቢያ ለመድረስ መጀመሪያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ እግር ነው። እዚያ ደርሶም አምስት ጆንያ የያዘ ሰው የሚያስተናግደው የለም። የአጎቴ ልጅ ሞክሯል። ወንድሜ፣ እዚህ የሚጫነው በኮንቴይነር ነው ብለው በትሕትና መለሱት። ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ለትንሽ ጭነት የተዘረጋ አሠራር የላቸውም።

ማታ ማታ ባቡሩ ከመንደራችን በላይ ባለው ጉብታ መብራቱን አብርቶ ያልፋል። ልጆቹ ፉርጎውን ይቆጥራሉ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከማሳችን በላይ ተዘርግቷል፤ እናቴ ቤት ግን እራት የሚበላው በባትሪ መብራት ነው።

ስለ ከብትም አንድ ነገር ልበል። ሐዲዱ የግጦሹን መሬት ከውኃው ለይቶታል። ማቋረጫው ሩቅ ነው። ግመልና ከብት የተገጨባቸው ቤተሰቦች አሉ። ካሳ ለመጠየቅ የት እንደሚኬድ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ በቋንቋቸው የነገራቸው የለም። አንድ እረኛ የሞተችውን ላሙን ቆዳ ተሸክሞ ሦስት ቢሮ ዞሯል። ከየቢሮው "እኛን አይመለከትም" ተብሏል።

የመጨረሻው ስለ ድሮው ሐዲድ ብረት ነው። በብዙ ቦታ ተነቅሏል። ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በአካባቢው ያለው ገበሬ ነው። ሰርቆ የተገኘ ይጠየቅ፤ ይህን ማንም አይቃወምም። ነገር ግን ጠብቁት ተብሎ በአደራ የተሰጠው ሰው አልነበረም፤ ዘበኛ አልተቀጠረበትም፤ የቀረው ምን እንደሚደረግበት አልተነገረም። አባቴና ጓደኞቹ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ሐዲዱ ላይ የወደቀ ድንጋይ ሲያዩ ያነሱ ነበር። ባቡር እንደማይመጣ እያወቁ ነው። እነሱን ሰብስቦ "ይህን ጠብቁልን" የሚል ቢኖር ብረቱ ዛሬም በቦታው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በየትንሹ ጣቢያ የቀረ መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ ደወል፣ ሚዛን፣ የስልክ መሣሪያ ካለ ቆጥራችሁ እንድትመዘግቡ፣ ከክረምቱም በፊት ደረቅ ቦታ እንዲገባ እንድታደርጉ። እስከዚያው ድረስ የትኛውም የጣቢያ ቤት ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ እንዳይጸዳ፣ እንዳይፈርስ አንድ ደብዳቤ ጻፉልን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። በእጄ ያሉትን አሥራ አንድ ቅጠሎች ደረሰኝ ለሚሰጠኝ ሰው በደስታ አስረክባለሁ።

በሕይወት ያሉ የባቡር ሠራተኞችን፣ በባቡሩ የነገዱ እናቶችንና ጭነት የላኩ ገበሬዎችን በየቋንቋቸው የሚያነጋግር ሰው ላኩ። ተማሪዎቼ ቤት ለቤት ይመሯችኋል። እኔም የክረምት ዕረፍቴን እሰጣለሁ።

በጥር 1977 የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ካለ አውጡት። ከሌለ ቤተሰቦቻቸውን ጠይቃችሁ ጻፉት፤ አዋሽ ላይ ሊነበብ በሚችል ቦታም አኑሩት።

በአዲሱ መስመር፣ አሁን ባሉት ጣቢያዎች፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የገበሬን ትንሽ ጭነት በኩንታል የሚቀበል አንድ ፉርጎ ይመደብ። ዋጋው በግልጽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለሙከራ ስድስት ወር ይሁን፤ የመኸር ምርት የሚወጣበትን ወቅት ግን ያካትት። የየቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርቱን ጣቢያ ድረስ አሰባስበው ማምጣት ይችላሉ። ከመንደር እስከ ጣቢያ ያለውን መንገድ ሕዝቡ በጉልበቱ ለመጥረግ ፈቃደኛ ነው፤ ይህን በስብሰባ ተነጋግረንበታል።

ለእንስሳት ማቋረጫ የት እንደሚያስፈልግ እረኞቹን ጠይቁ። ካሳ የሚጠየቅበትን ቢሮ፣ የሚያስፈልገውን ማስረጃና የመልሱን ጊዜ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ ጽፋችሁ በየጣቢያው ለጥፉልን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለመንደሩ ሰው በገበያ ቀን አነብላቸዋለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

በአሮጌው ሐዲድ ዳር ያደጉ የገበሬና የባቡር ሠራተኛ ልጆችን ወክሎ፣
የሐዲድ ቀያሪ ልጅና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር

ግልባጭ፦
ለመንደራችን ሽማግሌዎች
ለባቡር ጡረተኞች
ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ